ምስክሩ ገና ቀይ ነበር

በአንድ ትንፋሽ የአንድ ከተማ ፆም እንዴት እንደሚበላሽ የሚያውቅ ሰው ሸዋ ሮቢት ውስጥ ብትፈልጉ አንድ ብቻ ታገኛላችሁ፤ እሱም እኔ ነኝ። የሚኩራራበት ያጣ ሽማግሌ ባገኘው ይኩራራል። አንዱ በግመሉ፣ አንዱ ጅዳ ባሉት ልጆቹ፣ እኔ ደግሞ በጥፋቴ። ዕድሜዬ ሰባ ምናምን ነው፤ ምናምኑን ባለቤቴ ዘሐራ ታውቀዋለች። እኔ ስቆጥረው ያንሳል፣ እሷ ስትቆጥረው ይበዛል፣ ልጆቻችን መሐል ላይ ያስታርቁናል። ጉልበቴ ሱጁድ ከወረደ በኋላ ካልተለመነ አይነሳም። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል። ምንም ሳይጎድልበት የቀረው ምላሴ ብቻ ነው፤ ቢጎድል ይሻል የነበረውም እሱ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰው ባለፈው ረመዷን የጠፋው መብራት ነው። የዛሬው መስጊዳችን እንደ ድሮው አይደለም። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይዞራል፣ ሚናራው ላይ አራት ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፣ ከሚህራቡ ጎን ደግሞ የአምስቱን ሶላት ሰዓት ደቂቃ በደቂቃ በቀይ ቁጥር የሚናገር ሰዓት አለ። እኛ ሽማግሌዎች ያንን ሰዓት እንደ አዲስ ሙሽራ ነው የምናየው፤ እናከብረዋለን፣ ገና አላመንነውም። የዚያን ቀን መብራቱ ከቀትር በፊት ሄደ። ማራገቢያው ቆመ፣ ቀዩ ቁጥር ጠፋ፣ ጄኔሬተሩም ናፍጣ አልቆበት ነበር። የሮቢትን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ምድጃ ላይ በተረሳ ድስት ውስጥ ገብታችሁ ክዳኑን ዝጉት። አመሻሹ ላይ ጀመዓው ግቢው ውስጥ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ተምሩንና ሳንቡሳውን ደርድሮ፣ አብሹን በየኩባያው ቀድቶ ተቀመጠ። ከዚያ ስልኮቹ ተጣሉ።

መጀመሪያ የአንዱ ስልክ ኪስ ውስጥ ሆኖ አዛን አለ። እጆች ሁሉ ወደ ተምሩ ሄዱ።

"ቆዩ! ቆዩ!" አለ የስልኩ ባለቤት በሃፍረት። "ይሄ የጅዳ ነው። ወንድሜ ከላከልኝ ጀምሮ ሐሳቡ እዚያው ነው።"

"የኔ የአዲስ አበባ ነው፤ ብዙ ደቂቃ ይቀረዋል" አለ ሌላው።

"የኔ ደሴ ይላል።"

"እኛ ያለነው ሮቢት! የሮቢት የሚል ስልክ ጠፋ?" አለ አንድ ሽማግሌ። ስልካቸውን እንዳያስተካክሉት ደግሞ ኔትወርኩ ከመብራቱ ጋር አብሮ ነው የሚሄደው፤ ባልና ሚስት ናቸው።

ኡስታዝ አብዱ የሚባል ወጣት ኢማም አለን። ጥሩ ልጅ ነው፤ ጺሙ ገና እየመጣ ነው፣ ዕውቀቱ ግን ቀድሞት ደርሷል። "ተዉት ስልኩን" አለ። "አባቶቻችን ስልክ ነበራቸው? ጋሼ ሰይድ፣ አንቱ ታላቃችን ነዎት። ምስክሩን ይዩልን።"

ያ ሁሉ የተራበ ዓይን ዞሮ እኔ ላይ አረፈ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ፀሐይ እንድጠብቅለት ያመነኝ ሰው አልነበረም። ይሄ ልጅ ነገሩን አያውቅም። ከየት ያውቃል? ያን ጊዜ እናቱም አልተወለደችም።

ምስክሩ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሮቢት የተቀመጠችው ከተራራ ሥር ነው። በምዕራብ በኩል የጣርማ በር ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሞብናል፤ ስለዚህ ፀሐይ ከኛ የምትሰወረው ሳትጠልቅ ነው። ከተራራው ጀርባ ትገባና ጥላው በከተማው ላይ ይወርዳል። እንግዳ ሰው ከሆነ "አልሐምዱሊላህ፣ መሸ" ብሎ ውኃውን ያነሳል። አልመሸም። ፀሐይቱ ከግድግዳው ወዲያ ገና አለች። ከጥላው መውረድ እስከ እውነተኛው መግሪብ ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አለ፤ ያቺ ሩብ ሰዓት ለኛ ለቆላ ሰዎች ከቀኑ ሁሉ ትረዝማለች። እናም አዛን የሚሉት የድሮ ሙአዚኖቻችን ለፀሐይ ጀርባቸውን ይሰጡ ነበር። የሚያዩት ወደ ምሥራቅ ነው፣ ወደ አፋር በኩል ያለውን ራሰ በራ ኮረብታ። የኮረብታው አናት ቀይ እስከሆነ ድረስ ፀሐይ አለች። አናቱ አመድ ሲመስል ገባች። ሙአዚናችን ሸህ ይመር ያንን ኮረብታ "ምስክሩ" ይሉት ነበር። "ተራራው ይዋሻል፣ ሆድም ይዋሻል፣ ምስክሩ ግን አይዋሽም" ይላሉ።

የዚያን ጊዜው መስጊድ ሚናራ አልነበረውም። ድንጋዩን ከሮቢ ወንዝ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በትከሻችን እያመጣን፣ ጭቃውን በጭድ እያቦካን፣ ደቦ ወጥተን የሠራነው ነው። የኔ ድርሻ የቱ እንደሆነ ይታወቅ ነበር፤ ጎብጦ የቆመው ግድግዳ የኔ ነው። ምንጣፉ ሰሌን ነበር፤ ተሰግዶ ሲያበቃ የሁላችንም ግንባር ላይ የሰሌኑ ሽመና ይታተማል። ደጃፉ ላይ የጫማው ክምር አለ፦ የገበሬው በርባሶ፣ የነጋዴው ኮንጎ፣ አልፎ አልፎ የአንድ ሀብታም ቆዳ ጫማ። ከቀወት የሚመጡ ገበሬዎች አህያቸውን ግራሩ ሥር ያስራሉ፤ አህዮቹ የኢማሙ ኹጥባ ሲረዝም ከኛ ቀድመው ያጉረመርማሉ። ከደጃፉ ጎን በወገብ ቁመት የተካበ ድንጋይ አለ። ሸህ ይመር አዛን የሚሉት እዚያ ላይ ወጥተው ነው። ድምፃቸው ነፋስ ካገዘው ጀውሃ ድረስ ይሰማ ነበር ይባላል፤ እርግጥ እንደዚያ የሚሉት ዘመዶቻቸው ናቸው።

እኔስ? እኔ ሃያ ምናምን ዓመቴ ነበር፤ የዚያኛውን ምናምንም ዘሐራን ጠይቋት። መንግሥት ተቀይሮ ነበር ወይስ ሊቀየር ነበር፣ ልቤ ሌላ ጋ ስለነበረ በደንብ አላስታውስም። ሱሪዬን ግን አስታውሳለሁ። ከታች የሰፋ ቴትሮን ቤልቦተም ነበረችኝ፤ ስራመድ ከፊቴ ዶሮ ታባርርልኛለች። ፀጉሬን አሳድጌ ኮፊያዬ አናቱ ላይ እንደ ወፍ ጎጆ ትቀመጥ ነበር። መስጊድ ስሄድ ከሱሪው በላይ ሽርጥ አገለድማለሁ፤ ሽርጡ ለሸህ ይመር፣ ሱሪው ለዘሐራ። ሳንቡሳ በአስር ሳንቲም ይገዛ ነበር፣ ያውም ውስጡ ሥጋ ያለበት፤ የዛሬው ሳንቡሳ ውስጡ ምስርም አየርም ነው። የሎሚው መደብ ጋ ስትደርሱ ሻጯ ሳትጠየቅ አንድ ትመርቃለች። ከመንገድ ዳር ሻይ ቤቱ ፊት የአሰብ ሾፌሮች መኪናቸውን አቁመው ካሴታቸውን ይከፍታሉ፤ እኛ ወጣቶች ሻይ ሳንጠጣ ዘፈን ጠጥተን እንመለሳለን። ረመዷን ሲገባ ካሴቱ ይዘጋል፣ መንዙማው ይከፈታል። ደግሞ በዚያን ዘመን እውነቱን ልናገርና፣ ድምፅ ነበረኝ። ጥሩ ድምፅ። ይህን የምለው ራሴን ለማመስገን አይደለም፤ የድሮ ቤቱን እንደሚያሳይ ሰው ነው፣ ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል።

ዘሐራ የሐጅ ኑሩ ልጅ ናት። ሐጅ ኑሩ ጨውና አቡጀዴ ይነግዱ ነበር፤ ሲናገሩም ቃላቸውን እንደ ጨው አሞሌ እየቆረጡ ነው የሚሰጡ። ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሌዎቹ "ቤተሰቡ ደህና ነው፣ ልጁ ይሰግዳል፣ ድምፁም ማሻ አላህ ነው" አሉ። ሐጅ ኑሩ ግን፣ "ድምፅ እንዳለውማ እንሰማዋለን። ድምፅ አደራ አይደለም። አማና ሲሸከም ልየውና እመልሳለሁ" አሉ። እንግዲህ አማና ከየት ይምጣ? ማን ነው ለቤልቦተም አማና የሚሰጥ?

ወባ ሰጠኝ። ረመዷኑ ሲጋመስ ሸህ ይመርን ወባ ጣላቸው። ሄድኩ፤ በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ።

"ሰይዶ" አሉኝ ጥርሳቸው እየተፋጨ፣ "ጉሮሮ እንዳለህ አውቃለሁ። ዓይን እንዳለህ አላውቅም።"

"አለኝ ሸሆቼ።"

"ምስክሩን ሳታይ አፍህን እንዳትከፍት። የዚህ ሁሉ ሰው ፆም አንገትህ ላይ ነው።"

"አብሽሩ ሸሆቼ" አልኩ። አብሽሩ ያልኩበትን አፌን እስከዛሬ እታዘበዋለሁ።

ሦስት ቀን እንደ ታዘዝኩት አደረግኩ። ካቡ ላይ ወጥቼ ፊቴን ለምስክሩ ሰጥቼ፣ ቀይነቱ ከእግሩ ወደ ወገቡ፣ ከወገቡ ወደ አናቱ እየተሰበሰበ ሲሄድ እያየሁ፣ አመድ እስኪሆን ጠብቄ ነው አዛን ያልኩት። ሐጅ ኑሩ በሦስተኛው ቀን ሲያልፉ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ያቺን መነቅነቅ ይዤ ስገለባበጥ ነው ያነጋሁት።

በአራተኛው ቀን ዘሐራ ከወንዝ ዘገየች።

መንገዱ ከሮቢ ወንዝ ተነስቶ በመስጊዱ ፊት ያልፍና የልብስ ሰፊው የጋሼ ተሰማ በረንዳ ጋ ይታጠፋል። ከዚያ ጥግ በኋላ የሐጅ ኑሩ ግቢ ነው፤ በሩ ከተዘጋ ዘሐራን የሚያያት ግድግዳው ብቻ ነው። ሁልጊዜ ውኃዋን ቀድታ የምትገባው በጊዜ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ አዛን ስል እሷ ጓዳ ናት፤ ድምፄ ከዶሮውም ከልጁም ጋር ተደባልቆ ነው የሚደርሳት። የዚያን ቀን ግን ካቡ ላይ ቆሜ ዘወር ስል፣ ከወንዙ በኩል እንስራ አዝላ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ስትመጣ አየኋት። ምስክሩን ረሳሁት። ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ መንገዱ ቆምኩ። ያን ጊዜ ፀሐይ ከተራራው ኋላ ገባችና ጥላው መንገዱ ላይ፣ እሷም ላይ ወረደ። ቆም ብላ እንስራዋን አስተካከለች። ቀና ብላ አየችኝ።

እዚህ ላይ ሰይጣን አሳሳተኝ ብል ሰይጣኑም ይታዘበኛል፤ በረመዷን የታሰረ ነው። ያሰብኩት ራሴ ነኝ። "ጥግ ላይ ከታጠፈች አለቀ። ጥላው እንደሆነ ወርዷል። ሩብ ሰዓት ምንድን ነው?" አልኩ። እጄን ጆሮዬ ላይ አደረግኩና "አላሁ አክበር" አልኩ።

እንዲህ ያለ አዛን በሕይወቴ አላልኩም፤ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ያማረ ነበር። ፊቴ ወደ ቂብላ፣ ዓይኔ ወደ ግራ፣ ወደ መንገዱ። እሷ ቆማለች፤ እንስራዋን ይዛ ቆማ ትሰማኛለች። ግን አዛን ሥርዓት አለው። "ሐይየ ዐለ ሶላህ" ሲባል ሙአዚኑ ወደ ቀኝ ይዞራል። ዞርኩ። በቀኜ ምስክሩ ነበር። ከወገቡ እስከ አናቱ እንደ ፍም ቀልቶ፣ አንዲት ቁራጭ ደመና፣ አንዲት ጭብጥ አቧራ ሳይጋርደው፣ ፊት ለፊት ያየኛል። አቁሜ "ተሳስቻለሁ፣ አትብሉ!" ብል ኖሮ ማንም ገና አልጎረሰም ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ጨፈንኩና ቶሎ ወደ ግራ ዞርኩ። ስጨርስ ዘሐራ ጥጉን ታጥፋ ገብታለች፣ ከተማው ተምሩን ጎርሷል። እኔም አንድ ተምር በላሁ። ጣፋጭ ነበር።

ያጋለጠን ከኛ መሐል የፆመ ሰው አይደለም። የተራበ ሰው አዛን ሲሰማ የሚያየው ኩባያውን ነው፤ ኮረብታ ማን ያያል? ጋሼ ተሰማ ልብስ ሰፊው ክርስቲያን ናቸው፤ የስፌት መኪናቸውን በረንዳው ላይ አውጥተው ቀኑን ሙሉ ይሰፋሉ፣ መግሪብ ሲባል ይከድኗታል። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ በዚያ ሰዓት ክሩ መርፌው ውስጥ መግባት ያቆማል። የዚያን ቀን ብድግ ብለው መጡና ደጃፉ ላይ ቆመው፣

"እናንተ ሰዎች፣ ዛሬ ምነው ቸኮላችሁ?" አሉ። "ይኸው ክሬን በመጀመሪያው አስገባሁት! እኔ በመግሪብ ክር አስገብቼ አላውቅም።"

አንዱ አፉ ውስጥ ሳንቡሳ እንዳለ ወጣና ወደ ምሥራቅ አየ። ሁለተኛው ወጣ። ከዚያ ሁሉም ወጣ። ምስክሩ አናቱ ላይ ቀይ ቆብ አድርጎ ቆሟል። ከቤት ቤት ጩኸቱ ተሰማ፤ "ተፉ! ተፉ! ገና ነው!" ልጆች ይስቃሉ፣ ሴቶች ግንባራቸውን ይይዛሉ፣ አንድ ገበሬ የበላውን ትቶ የቀረውን ሳንቡሳ ማንም ሳያየው ኪሱ ሲከት አይቻለሁ። ሸህ ይመር ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ በሁለት ሰው ተደግፈው መጡ። ካቡ ሥር ቆመው ቀና ብለው አዩኝ።

"ሰይዶ፣ ምስክሩን አይተህ ነው?"

ሐጅ ኑሩ ከኋላቸው ቆመዋል። አማናዬን ሊያዩ መጡ እንግዲህ።

"አይቼ ነው ሸሆቼ" አልኩ። "ከአፋር በኩል አቧራ ተነስቶ ውጦት ነበር። ጠቁሮ ነው ያየሁት። አሁን ገና ነው የጠራው።"

ሸህ ይመር ብዙ አዩኝ። ወባው ይሁን ሌላ አላውቅም፣ ዓይናቸው ውኃ ሞልቶ ነበር። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው፣ "አቧራ ነው" አሉ። "ልጁ አልዋሸም። የላክሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋት ካለም የኔ ነው። ከዒድ በኋላ ሁላችንም አንድ ቀን ፆመን ቀዷውን እናወጣለን።" ለሐጅ ኑሩም ለብቻቸው ያንኑ ደገሙላቸው። ሐጅ ኑሩ ለሸህ ይመር ቃል ሲሉ ልጃቸውን ሰጡኝ፤ ከተማው ደግሞ ቅጽል ስም ሰጠኝ፦ ሰይድ ፀሐይ ቀደም። ካቡ ላይ ግን ዳግመኛ አልወጣሁም። የከለከለኝ ሰው የለም። እግሬ ነው እምቢ ያለው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ይህን ያለው ሰው የኔን ውሸት አልተሸከመም። ፆሙማ ተከፈለ፤ ከተማው ከዒድ በኋላ አንድ ቀን ፆሞ እኔን እየሰደበ አፈጠረ፣ አለቀ። የቀረው የሸህ ይመር ቃል ነው። ውሸት የማያውቅ አፍ ለኔ ብሎ "አልዋሸም" አለ። በሽምግልናቸው ጊዜ እውነቱን ነግሬ፣ ይቅር በሉኝ ብዬ፣ አውፍ ልባል ሦስት ጊዜ ቤታቸው ሄጃለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ሎሚ ገዝቼ ሄጄ፣ ስለ ዝናብ አውርቼ ተመለስኩ። አራተኛ ጊዜ የሄድኩት ለቀብራቸው ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የፈራሁት፤ ይህን ውሸት ይዤ እንዳልሞት።

እንግዲህ ባለፈው ረመዷን፣ መብራት በጠፋበት ቀን፣ ኡስታዝ አብዱ "ምስክሩን ይዩልን" ያለው ይህንን ሰው ነው። ተነስቼ ዞርኩ። ለኔ ኮረብታው የተፈታ ጥጥ ነው፤ ቀይ ይሁን አመድ አላህ ያውቃል። ምላሴ እንደ ልማዱ "ጠቁሯል" ልትል ተነሳች። ጥላው እንደሆነ ወርዷል፣ ሰዉ ርቦታል፣ ማን ያውቅብኛል? ደግሞ ያቺው ሩብ ሰዓት!

"አይታየኝም" አልኩ። "ዓይኔ ሞራ ነው።"

"ታዲያ ቶሎ አይነግሩንም ጋሼ!" አለ ከኋላ አንዱ።

እዚያ ላይ መቀመጥ ነበረብኝ። ጉልበቴ ግን መቆም ከጀመረ መቀመጥ ይረሳል። "ዓይን በነበረኝ ጊዜም አላየሁትም" አልኩ። ተናገርኩት። መንገዱን፣ እንስራውን፣ ወደ ቀኝ ስዞር ያየሁትን ሁሉ። "አቧራ አልነበረም። ዋሽቻለሁ። ሸህ ይመርን ያህል ሰው አስመስክሬበታለሁ። እሳቸው የሉም፤ እናንተ አላችሁ። አውፍ በሉኝ።"

ዝንቡ እንኳ ከሳንቡሳው ላይ የተነሳ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ወጣት እየተርበተበተ፣ "ጋሼ ሰይድ፣ ወላሂ አውፍ ብለናል! ብቻ መግሪብ ደርሷል አልደረሰም?" አለ። ሳቁ ግቢውን ሞላው። የዚያን ዘመን እኩያዬ የሆነ ሽማግሌ በከዘራው ጎኔን ወጋ አደረገኝ። "እኔ ያን ቀን አምስት ሳንቡሳ በልቻለሁ። ቀዷውን ስፆም ግን ረግሜሃለሁ። ርግማኔን አንሥቻለሁ፤ አንተም አውፍ በለኝ" አለ። ኡስታዝ አብዱ እጁን ዘርግቶ ለሸህ ይመር ዱዓ ጀመረ፤ ሁሉም "አሚን" አለ። የሳቀውም አፍ፣ የተራበውም አፍ "አሚን" አለ። እንባዬ መጣ፤ ሞራ ያለበት ዓይን ደግሞ ሲያለቅስ አያምርም።

ዱዓው እንዳበቃ አንዳንድ እጅ ወደ ተምሩ ሲሳብ፣ ከሴቶቹ በር በኩል ድምፅ መጣ።

"ማንም እጁን እንዳይዘረጋ! ምስክሩ ገና ቀይ ነው።"

ዘሐራ ናት። ዛሬም ያለ መነጽር ክር ከመርፌ ታስገባለች።

"እትዬ ዘሐራ፣ ይታይዎታል?" አላት ኡስታዙ።

"ዛሬም ይታየኛል፣ ያን ቀንም ታይቶኛል።"

አንገቴ ወደ በሩ ዞረ። እሷ ቀጠለች፤ ለኔ ሳይሆን ለኮረብታው የምትናገር ይመስላል። "ከወንዝ ስመጣ ፊቴ ወደ ምስክሩ ነበር። የሱ ፊት ወደኔ። ከኋላው ኮረብታው ቀልቶ፣ አቧራ ቀርቶ አሞራ አልነበረበትም። ወደ ቀኝ ሲዞር እንደ ተመታ ሰው ራሱን ሲመልስም አይቻለሁ።"

"ታዲያ ምነው ያን ጊዜ ዝም አሉ?"

"ብናገር አባቴ ለሱ ይሰጡኝ ነበር?"

ሴቶቹ እልል አሉ፤ በረመዷን፣ በመስጊድ ግቢ። ኡስታዝ አብዱ ጺሙን ያዘ፣ ጣቶቹ መሐል ግን ሳቁ ይታያል።

"እኔ ያን ቀን አላፈጠርኩም" አለች ዘሐራ። "ጓዳ ገብቼ በመስኮቱ ምስክሩ እስኪጠቁር ጠበቅኩ። ፆሜ ሙሉ ነበር። ከዒድ በኋላ ግን ከሰዉ ጋር ቀዷውን ፆምኩ። እኔ ብቻዬን ብበላ 'አንቺስ ምን አይተሽ?' ይሉኝ የለ?" እጇን አነሳች። "አሁን! አሁን ጠቆረ።"

ማንም አልጎረሰም። ኡስታዝ አብዱ ወደኔ መጥቶ ክንዴን ያዘ። "ጋሼ ሰይድ፣ አዛኑን አንቱ ይበሉት" አለኝ።

አልኩ። ድምፄ ዘይት እንዳጣ የብረት በር ነበር፤ ግማሹ ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ፣ ግማሹ ከአጥሩ አላለፈም። "ሐይየ ዐለ ሶላህ" ላይ ወደ ቀኝ ዞርኩ። ጥጥ ብቻ ነው ያየሁት። ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም።

ቤት ስንገባ፣ "ሃምሳ ዓመት ሙሉ ታውቂ ነበር?" አልኳት።

"አንተስ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አታውቅም ነበር?" አለችኝ።

"አንድ ቀን እንኳ ትነግሪኝ!"

"ስትነግረኝ ልሰማህ እየጠበቅኩ። አንተ እንደሆን ሎሚ ይዘህ ሸሆቼ ቤት ትመላለሳለህ።"

ከዒድ በኋላ ለሷ ብዬ አንድ ቀን ፆምኩ። ያለ ዕዳዋ የፆመችልኝን ቀን በዚህ መመለስ ይቻል እንደሆነ ኡስታዙን ጠይቁት፤ እኔ እንደሆን ከመጠየቅ መፆም ቀሎኛል። አመሻሹ ላይ በራፋችን ላይ ተቀመጥን፤ እኔ ፊቴን ወደ ኩባያው፣ እሷ ፊቷን ወደ ምሥራቅ። ጥላው ወረደ። ከመስጊዱ አዛን እንዳልሰማ መብራቱ እንደገና ሄዷል።

"ዘሐራ፣ ጠቆረ?" እላለሁ።

"ገና ነው።"

የጎረቤት ዶሮዎች ገቡ። ባጃጆቹ መብራታቸውን አበሩ።

"ጠቆረ?"

"ገና ነው አልኩህ። አናቱ ላይ ትንሽ አለች።"

ማዶ ቤት ሰው እራቱን ሲበላ ይሰማኛል፤ ምስክሩ ከጠቆረ ቆይቷል ብዬ እጠረጥራለሁ። ጠርጥሬ ግን ምን እላለሁ? ኩባያዬን ይዤ ተቀመጥኩ፣ እሷ "አሁን" እስክትል።